ወፍ ዋሻ ለምትወጡ፦ መዥገር ከያዘ ምን ይደረጋል?

እህቴ፣ ከአንኮበር ተነሥታችሁ በወፍ ዋሻ ደን አድርጋችሁ ደብረ ሲና ልትወርዱ እንደሆነ ጽፈሻል። ባለፈው ጓደኛሽን መዥገር ይዟት ላምባ ቀብተው አወጡላት፤ አሁን ምን እንያዝ፣ ቀድመን የምንውጠው ኪኒን አለ ወይ ነው ጥያቄሽ።

ኪኒኑ የለም። «በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን አንዴ መዋጥ» የሚለው ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ምክር ላይም (Lyme) ለሚባል ሌላ መዥገር ወለድ በሽታ የተባለ ነው፤ እሱን የሚያስተላልፈው የአሜሪካና የአውሮፓ መዥገር ነው እንጂ የኛ የከብት መዥገር አይደለም። እኛን የሚመለከተን የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ነው፤ የሚያመጣው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ጂኖሙ (ሙሉ የዘር መረጃው) የተነበበው የዚህ ባክቴሪያ ናሙና በ1966 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተለቀመ መዥገር የተገኘ ነው። ለዚህ በሽታ ቀድሞ መድኃኒት መዋጥ አይመከርም፤ ከታመሙ በኋላ ግን በቀላሉ ይታከማል።

ሰው ጫካውን ይፈራል፤ መዥገር ግን የሚበዛው ከብት በዋለበት ነው። ከጥዱና ከዝግባው ሥር ይልቅ ከደኑ ዳር ያለው ግጦሽ፣ ከብት ቀትር ላይ ተኝቶ የሚያመሰኳበት ዛፍ ሥር፣ ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ይብሳል። በተለይ አምብሊዮማ የሚባለው፣ ጀርባው በቀለም ያጌጠው ትልቁ መዥገር ሣር ላይ ተንጠልጥሎ ብቻ አይጠብቅም፤ የምናስወጣው የተቃጠለ አየር ሲደርሰው በመሬት ላይ እየሮጠ ይመጣል። በእግር ስታልፉ ብዙም አይደርስባችሁም፤ ምሳ ብላችሁ ስትቀመጡ ግን ጊዜ ሰጣችሁት ማለት ነው። ያች ለምለም ሣር ያላት፣ ጥላዋ ደስ የምትለው ቦታ ከብቶቹም የወደዷት ናት፤ እበት ካያችሁባት እለፏትና ድንጋይ ላይ ወይም ገላጣ መሬት ላይ አረፍ በሉ። ጋቢ መሬት ላይ አታንጥፉ። ነጭ ስለሆነ መዥገሩ ይታያል ይባላል፤ ትልቁ ይታያል፣ የሰናፍጭ ፍሬ የማያክለው ጫጩት ግን ድሩ ውስጥ ይሰወርና ማታ ስትከናነቡት አንገታችሁ ላይ ይወጣል። ፕላስቲክ ሸራ ይሻላል፤ ይራገፋል። ጭነት የሚይዝላችሁ በቅሎ ወይም አህያ ካለም ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የጭነቱን ዳውላ ትራስ የሚያደርግ ሰው አይጠፋምና እሱንም ተቆጡት።

ትልልቆቹ በዝናብ ወራት ይበረታሉ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተራው የጥቃቅኖቹ ነው። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር መሄዳችሁ ከመዥገር አያድናችሁም።

አለባበስ ላይ ብዙ አልልም፦ ነጣ ያለ ሱሪ፣ ጫፉ ካልሲ ውስጥ የገባ። ለገላ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (DEET) የተባለ ተባይ ማባረሪያ ያለው መከላከያ ይበቃል፤ የፀሐይ ቅባት ከተቀባችሁ እሱ ይቅደም፣ ዲቱ ከላይ። ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ ከመነጽርና ከስልክ ይራቅ። ለልብስ የሚሆነው 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለው ፀረ ተባይ ነው፤ ጫማ፣ ካልሲና የሱሪ ጫፍ ላይ ተረጭቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይለበሳል እንጂ ገላ ላይ አይደረግም። ፋርማሲ ያለው 5 በመቶ የፐርሜትሪን ክሬም የእከክ መድኃኒት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የከብት መድኃኒት ነው። ዲያዚኖን በውኃ በጥብጦ ሱሪ ላይ መርጨት መዥገሩን ይገድል ይሆናል፤ በቆዳ ገብቶ ሰውንም ይመርዛል። በፍጹም!

ማታ ማታ ተፈታተሹ፦ ብብት፣ ብሽሽት፣ ቋንጃ፣ እምብርት፣ የቀበቶ መስመር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር። ገና ያልነከሱ ጫጩቶች እግር ላይ ተበትነው ካገኛችሁ በጣት ከመልቀም ፕላስተር እያጣበቁ ማንሣት ይፈጥናል። ልብሱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገድላቸውም፤ የፈላ ውኃ ወይም በደንብ የጋለ ካውያ ይገድላቸዋል።

የነከሰውን ለማውጣት እሾህ የምናወጣበት ጫፈ ሹል ወረንጦ የሚያህል የለም። የቅንድብ መንቀያው ጫፉ ሰፊ ስለሆነ ሆዱን ይጨፈልቀዋል። ወረንጦውን ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ሆዱን ሳይሆን አፉን ያዙ፤ ከዚያ ሳትጠመዝዙ፣ ሳትነጥቁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ቆዳው አብሮ ይነሣል፤ እዚያው ላይ ኃይል ሳትጨምሩ ያዝ አድርጉት፣ ይለቃል። አምብሊዮማ አፉ ረጅም ስለሆነ አንዳንዴ ጫፉ ተሰብሮ ይቀራል። በወረንጦ በቀላሉ ካልወጣ ተዉት፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል፤ በመርፌ መቆፈሩ ነው ቁስሉን የሚያመረቅዘው። ወረንጦ ከሌለ ክር አፉ ሥር አዙሮ ቋጥሮ በዚያው አኳኋን መሳብ ይቻላል። ከዚያ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ አልኮል አድርጉበት። መዥገሩን በጥፍር አታፍርጡ፤ በፕላስተር ጠቅልሉትና ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ላምባ፣ ቅቤ፣ የክብሪት እሳት ለምን አይሆንም? መዥገሩ አፉን ቆዳ ውስጥ አጣብቆ ስለሚይዝ ቶሎ አይለቅም። እስኪለቅ ድረስ ደግሞ ምራቁንና የሆዱን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። እሳቱ የሚያተርፍላችሁ ቃጠሎ ነው።

ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ራሳችሁን ተከታተሉ። የአፍሪካው የመዥገር ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ይጀምራል፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም (በተለይ ማጅራት ላይ)፣ ብሽሽት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት። ትልቁ ምልክት የተነከሰው ቦታ ላይ የሚወጣው፣ ዙሪያው የቀላ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ ሁለት ሦስትም ሊሆን ይችላል። ስለማያሳክክና ስለማያም ሰው አያየውም፤ ሐኪሙም ካላወለቃችሁ አያየውም። ራሳችሁ አሳዩት፣ መዥገር እንደነከሳችሁም ንገሩት።

ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዳችሁ ከነበረ ግን ማንኛውም ትኩሳት መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ የመዥገር ቅርፊት መኖሩ ወባን አያስቀርም። ሌላው የሚያሳስተው ዌይል ፊሊክስ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፀረ እንግዳ አካሉ ገና ስላልተሠራ «ነጻ ነሽ» ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን እምነት አይጣልበትም። ምልክቱ ካለ ሕክምናው ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል። አሞክሲሲሊን ለዚህ ባክቴሪያ አይሠራም፤ የሚሠራው ዶክሲሳይክሊን ነው፣ ለአዋቂ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ሐኪም ሲያዝ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትተኙ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። በወተት ወይም በጨጓራ ማስታገሻ አትውሰዱት፣ ኃይሉን ይቀንሱበታል። ከተራራው ገና ያልወረዳችሁ ከሆነ ደግሞ ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል።

አንገት ከገተረ፣ ሰውየው ከቃዠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም የሚደማ ነገር ካለ ግን ጤና ጣቢያ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ በቀጥታ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰዱት።