«ልጄ ያያል እንጂ አያስተውልም»

ጥያቄ፦ አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ አለኝ። በመዋዕለ ሕፃናት ፊደል ለይቷል፣ እስከ ሃምሳም ይቆጥራል። ነገር ግን መንገድ ላይ አብሮኝ ሲሄድ ዛፉንም ወፉንም ልብ ሳይል ያልፋል፤ ስለ ውሎው ስጠይቀውም «ምንም የለም» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ የራሳችን ግቢ የለንም፤ እኔም ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው። የማስተዋል ችሎታ የሚያዳብሩ መጫወቻዎች ልግዛለት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ያረጋግጡ። ልጅዎ ሥዕል ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብ፣ አንገቱን የሚያዘነብል ወይም ዕቃውን ወደ ፊቱ እጅግ የሚያስጠጋ፣ ወይም ከኋላው ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ከሆነ፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ይቅደም። አጥርቶ የማያይ ሕፃን ሌላው ሰው ከእሱ የተለየ እንደሚያይ ስለማያውቅ ችግሩን አይናገርም።

ጤናው ደኅና ከሆነ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እኛ አዋቂዎች በምንጠይቅበት መንገድ ላይ ነው። «ይህ ምን ቀለም ነው? ስንት ናቸው?» ስንለው ልጁ መልሱን እኛ አስቀድመን እንደምናውቅ ይገባዋል፤ ስለዚህ ዕቃውን ትቶ የእኛን ፊት ያያል። «እነዚህ ጉንዳኖች ከየት ተነሥተው ወዴት የሚሄዱ ይመስልሃል?» ብለው ጠይቀው ዝም ቢሉ ግን መልሱን ከመሬቱ ላይ ካልሆነ ከሌላ ሊያገኘው አይችልም። ዝምታው ከጥያቄው ባላነሰ አስፈላጊ ነው፤ የቸኮለ መልስ የልጁን ፍለጋ ያቋርጣል።

ስለ መጫወቻው፣ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናት ቤት ከከፈተች በኋላ ካስፋፋቻቸው መማሪያዎች አንዱን ልጥቀስ። አሥር ኩቦች ናቸው፤ ሁሉም ሮዝ ቀለም ያላቸው ሲሆኑ የሚለያዩት ጎናቸው ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ብቻ ነው። ልጁ ትኩረቱን በአንድ ልዩነት ላይ እንዲያሳርፍ ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ሆነ ማለት ነው። ይህን በወጥ ቤትዎ ያለ ወጪ ማድረግ ይችላሉ። ዓይኑን በነጠላ ሸፍነው ኮረሪማን፣ ጥቁር አዝሙድንና ቀረፋን በሽታቸው ብቻ እንዲለይ ያድርጉ፤ በሌላ ምሽት አተርና ሽምብራን በመዳሰስ ብቻ ይለይ። ታናሽ ልጅ በቤት ካለ ጥራጥሬውን ቆጥረው ሰጥተው ቆጥረው ይሰብስቡ፤ ሕፃናት አፍንጫቸውና ጆሯቸው ውስጥ ይከቱታልና።

ከሁሉ አብልጬ የምመክርዎ ግን ባቄላ ማብቀልን ነው፤ ማስተዋል የሚጎለምሰው ብዙ ነገር አንድ ጊዜ በማየት ሳይሆን አንድን ነገር ደጋግሞ በማየት ነውና። ያልተቆላ ባቄላ አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው፣ ልጁ ከውጭ እንዲያየው በብርጭቆ ግድግዳና በእርጥብ ጥጥ መካከል ያኑሩት። አንዱን ፍሬ ቀና አድርገው፣ ሌላውን ዘቅዝቀው፣ ሦስተኛውን አግድም ያስቀምጡ፤ ከጎናቸውም ክክ ይጨምሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ሥር ይወጣል፤ የተዘቀዘቀው ፍሬ ሥር ሳይቀር ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክኩ ግን አይበቅልም። ይህን ሁሉ አስቀድመው አይንገሩት። ማታ ማታ የሚያየውን በእርሳስ ይሣል፤ ሥዕሉን አያርሙለት፤ «ሥሩ ላይ የነበሩት ቀጫጭን ፀጉሮች የት አሉ?» ብለው ቢጠይቁት ተመልሶ ሄዶ ያያል፣ ትልቁ ጥቅምም ይህ መመለሱ ነው።

ቅዳሜና እሑድ የሕንፃው ግቢ የጋራም ቢሆን ይበቃዎታል። ልጁን በአንድ ቦታ አቁመው ጥላውን በጠመኔ ይክበቡ፤ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩልና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይድገሙት። ወራት ቆይተው ሲደግሙት ደግሞ እርስዎም ይደነቃሉ። በአዲስ አበባ የታኅሣሥ የእኩለ ቀን ጥላ ከቁመቱ ግማሽ በልጦ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ከእግሩ ሥር ሊጠፋ ይደርሳል፤ በሰኔ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ወደ ደቡብ ዞሮ ያገኙታል።

ስለ ውሎው «ምንም የለም» ማለቱ ብዙ አያሳስብዎ፤ በዚህ ዕድሜ «ዛሬ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ እጅግ ሰፊ ነው። ይልቁንስ እርስዎ አስቀድመው ያዩትን አንድ ጥቃቅን ነገር ይንገሩት፤ ከዚያ እራት ላይ «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ተባባሉ። ነገር ግን የተለመዱትን እንቆቅልሾች ከማስሸምደድ ይልቅ በዕለቱ ያየውን ዕቃ በቅርጹ፣ በድምፁና በሥራው እየገለጸ ራሱ እንዲፈጥር ያድርጉት፤ አገር ካወረሰን ጨዋታ ሁሉ ለማስተዋል ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

የግድ አንድ ነገር ልግዛ ካሉ አነስተኛ የእጅ ማጉያ መነጽር ይበቃል። በእሱ ፀሐይን ፈጽሞ እንዳያይበት፣ ፀሐይ ላይም ወረቀት ለማቃጠል እንዳይጠቀምበት ከአጠገቡ ይሁኑ።