«ነርቭ ነው» ተብዬ ተመለስኩ፤ ግን ነርቩን ምን ነካው?

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዓመት በፊት የእግሬ ጣቶች ማቃጠል ጀመሩ። ቀስ እያለ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወጣ። አሁን እጆቼም ይደነዝዛሉ፤ ትከሻዬና ጀርባዬ ሳይቀር እንደ መርፌ ይወጋኛል። ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካኝ እንኳ ያመኛል። የወገብ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ስንት ብር ወጥቶበት «ምንም የለም» ተባለ። አንድ ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ብለው አሥር የቫይታሚን መርፌ ወጉኝ። ትንሽ ሻል አለኝና መልሶ መጣ። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ስወስድ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ጾምም አላፈርስም። ባለቤቴ ጭንቀት ነው ይለኛል፤ ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ይላሉ። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሕመምሽ እውነተኛ ነው። ኤምአርአዩ ንጹሕ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። የወገብ ኤምአርአይ አከርካሪውን፣ ዲስኩንና ከዚያ የሚወጡትን የነርቭ ሥሮች ነው የሚያሳየው። እግር ጣት ላይ የሚያልቁትን ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች አያይም።

«ነርቭ ነው» የሚለው መልስ ግን በጣም ያሳዝነኛል። ነርቭ የበሽታ ስም አይደለም። መጠየቅ ያለበት ነርቩን የጎዳው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ያ ሳይታወቅ መርፌ መደርደር ጢሱን እያራገቡ እሳቱን መተው ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ሕመሙ ከየት እንደጀመረ ነው። ወደ እግር ጣት የሚወርደው ነርቭ ከሰውነታችን ረጅሙ ነው፤ ከወገብ ተነስቶ ጣት እስኪደርስ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስኳር፣ የቫይታሚን እጥረት፣ አልኮል ወይም አንዳንድ መድኃኒት ነርቭን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከረጅሙ ጫፍ ይጀምራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ካልሲ የሚሸፍነውን ቦታ፣ ቆይቶ ደግሞ ጓንት የሚሸፍነውን የሚይዘው። ከወገብሽ ወደ አንድ እግርሽ ብቻ እንደ ኤሌክትሪክ የሚሮጥ ቢሆን ዲስክ ነው ብዬ በጠረጠርኩ ነበር። ያንቺ እንደዚያ አይደለም።

ስኳር በዓለም ላይ ቀዳሚው መንስኤ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ተመርመሪ። ምግብ ሳትቀምሺ የተለካው የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ 6.5 በመቶ ከደረሰ፣ ተደግሞ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። ስኳር እንዳለበት በእግሩ ማቃጠል ያወቀ ሰው ጥቂት አይደለም።

እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን ያለው ሥጋ፣ ጉበት፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ ነው። ሽሮው፣ ምስሩና ጤፉ ለብዙ ነገር ይጠቅማሉ፤ ቢ12 ግን የላቸውም። ጥፋቱ የጾም ነው እያልኩሽ አይደለም። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ይይዛል፤ በፍስኩ ወራት የሚበላ ሰው ይተካዋል። ችግር የሚመጣው በፍስኩም ሥጋና እንቁላል እንደ ልብ ሳይገኝ ሲቀር፣ በዚያ ላይ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ነው። ቢ12ን ከምግቡ የሚያላቅቀው አሲድ ነዋ፤ የኦሜፕራዞል ሥራ ደግሞ እሱኑ መቀነስ ነው። ለዓመታት ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማንም ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ደም ማነስ ሳይኖር ነርቭ ብቻ ሊጎዳ ስለሚችል «ደምሽ ጥሩ ነው» መባሉ አይበቃም፤ ራሱን ቢ12ን አስለኪ።

እዚህ ላይ ነው የመርፌው መቅደም ነገሩን ያወሳሰበው። ደም ሳይወሰድ ከተወጋሽ በኋላ የደሙ ልክ ከፍ ብሎ ይታያልና እጥረቱ ይደበቃል። ስለዚህ መቼና ስንት እንደተወጋሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ሻል ማለትሽም ራሱ አንድ ፍንጭ ነው። እጥረት ከሆነ አሥር መርፌ ወግቶ ማቆም ሕክምና አይደለም፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ደግሞ እነዚህ ቅልቅል መርፌዎችና ኪኒኖች ብዙዎቹ ቢ6 አለባቸው። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ያው ማቃጠል፣ ያው መደንዘዝ። እባክሽ ከፋርማሲ በራስሽ እየገዛሽ አትጨምሪበት።

ታይሮይድ፣ ኩላሊትና ኤችአይቪ በደም ምርመራ ይታያሉ፤ ሳትፈሪ አስመርምሪ። የቲቢ መድኃኒት ወስደሽ ከሆነ ተናገሪ፤ አይሶናያዚድ ቢ6ን ያሟጥጣል፣ ለዚህም ነው አብሮት ቢ6 የሚሰጠው። ቆዳሽ ላይ ነጣ ብሎ ስሜት የሌለው ቦታ ካለ አሳዪ፤ የሥጋ ደዌ አሁንም አገራችን ውስጥ አለ፣ በመድኃኒትም ይድናል። ሥራሽን አልነገርሽኝም። ከአቃቂና ከገላን ፋብሪካ ሠራተኞች ብዙ ደብዳቤ ስለሚደርሰኝ ልጠይቅሽ፦ በተዘጋ ክፍል ማስቲሽ እየሸተተሽ ትውያለሽ? አንዳንዱ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሄክሴን ነርቭ ይጎዳል። የአበባ እርሻ ላይ ፀረ ተባይ የምትረጩም ይህን ለሐኪም ሳትነግሩ አትውጡ።

የትከሻሽና የጀርባሽ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ፋይብሮማያልጂያ የሚባል ሕመም አለ፤ ነርቩ ሳይቆረጥ ሳይጎዳ አንጎል የሕመምን ድምፅ አጉልቶ ይሰማል። እንቅልፍ ማጣትና ድካም አብረውት ይመጣሉ። የነርቭ ጉዳትና ይህ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ጭንቀትም ሕመምን ያባብሳል፤ ለባለቤትሽ ግን ይህን ንገሪው፦ ያባብሳል ማለት ፈጠረችው ማለት አይደለም።

ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ለነርቭ ሕመም ብዙም አይረዳም፤ ጨጓራሽንና ኩላሊትሽን ግን ይጎዳል። ሐኪም አይቶሽ ማታ ማታ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሊያዝልሽ ይችላል። እንቅልፍ ያመጣሉ፣ የመጀመሪያውም አፍ ያደርቃል፤ ለውጡም በሳምንታት እንጂ በአንድ ቀን አይታይም። ኦሜፕራዞሉንም በራስሽ አታቁሚ፤ አሁንም ያስፈልገኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ጤና መድን ካለሽ ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ ሪፈር አጽፊ፤ የወሰድሽውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ድክመቱ በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልቆም ካለ፣ መቀመጫሽ ከደነዘዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግቢ። እስከዚያው ግን እግርሽን ማታ ማታ እያገላበጥሽ እዪ፤ የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይነግርሽም። ለመታጠቢያ የሞቀውን ውኃ በክርንሽ ለኪው፣ ብርድ ነው ብለሽም እግርሽን ከሰል ምድጃ ላይ አታሙቂ።