«ደህና ነኝ» ለሚል ሕመምተኛ

ልጆቼ፣

ድንገተኛ የልብ ሕመም አግኝቶት ያገገመን ሰው ትሬድሚል (የመራመጃ ማሽን) ላይ አቁማችሁ ስትፈትኑ፣ ዓይናችሁ የልብን ኤሌክትሪክ ወደሚመዘግበው ኢሲጂ መሳቡ አይቀርም። እሱን ማንበብ ትለምዱታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የሚራመደው ሰው ነው። የእኛ ሰው ደረቱ ጭምድድ ብሎ እንኳ «እንዴት ነዎት?» ሲባል «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሐኪም ፊት መማረር ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ደህንነቱን አትጠይቁት። «ደረትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል? ክንድዎስ? መንጋጋዎስ?» በሉት። ከ6 እስከ 20 የሚሄደውን የቦርግ የድካም መለኪያም ሳይጀምር በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፤ ትንፋሽ እያጠረው ቁጥር አይማርም። የልብ ምትን የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከር የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የልብ ምቱ እንደሌላው አይጨምርምና፣ በዕድሜ ያሰላችሁት የልብ ምት ጣሪያ ያታልላችኋል።

እጁንም ተመልከቱ። የማሽኑን መደገፊያ ብረት አጥብቆ የያዘ ሰው ክብደቱን በክንዱ ስለሚሸከም ከአቅሙ በላይ ውጤት ይጻፍለታል። የላይኛው የደም ግፊቱ መጨመር ሲገባው ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ከወረደና የደረት ሕመም ወይም የኢሲጂ ለውጥ ከታከለበት ግን ክርክር የለም፤ አቁሙ።

የልብ ሐኪሙ ሮበርት ብሩስ ያዘጋጀው የታወቀው የፈተና አካሄድ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ በ10 በመቶ ዳገት ይጀምራል። ገና ከአልጋ ለተነሳ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ከሜዳ የሚጀምረው የተሻሻለው አካሄድ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ለመቸኮል ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ሥራ ከማሽኑ ውጭ ነው። በድሮ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሌቪንና ላውን የተባሉ የልብ ሐኪሞች ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል ጻፉ። ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቋል፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም «አይነሳ፣ ዕቃ አይንካ» እያለ እንደ ዕንቁላል ይጠብቀዋል። የጻፋችሁለት የእግር ጉዞ ትእዛዝ ደጁን ሳያልፍ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት እጅግ ይማርከኛል። ባሎች ሲፈተኑ ከሚስቶች አንዳንዶቹ አላዩም፣ አንዳንዶቹ ቆመው አዩ፣ ሌሎቹ ደግሞ አይተው ሲያበቁ ባል በደረሰበት ደረጃ ራሳቸው 3 ደቂቃ ተራመዱ። በባላቸው ልብ ላይ ያላቸው እምነት ከሁሉ ከፍ ያለው የተራመዱት ናቸው። ውጤቱን በወረቀት ማስረዳት ለባለቤት አይበቃም ማለት ነው።

እናም ለፈተናው ቀጠሮ ስትሰጡ ባለቤቱም እንድትመጣ ንገሯት፤ ለመራመድ የሚመች ጫማ አድርጋ።