መልስ፦ «ፊፍቲን» ነው «ፊፍቲ»? የሐኪም የድምፅ ማስታወሻ ሲጻፍ

የሐኪም የድምፅ ማስታወሻ ስጽፍ በደንብ ያልተሰማኝን ምን ላድርገው ብለሽ ለገጣፎ ካለው ክሊኒክ የጠየቅሽው እህቴ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን «ፊፍቲን» (15) ይበል «ፊፍቲ» (50) ካልለየልሽ በግምት አትሙዪው። መጀመሪያ ፍጥነቱን ወደ 75 በመቶ ዝቅ አድርገሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ የስልክ ስፒከር የቃል መጨረሻ ይበላል። አሁንም ካልለየ ቦታውን ክፍት ተዪና ደቂቃውን አስቀምጪ፣ [____ 02:14] ብለሽ። ሐኪሙ ራሱ ይሙላው። «የተለመደው መጠን ይሄ ነው» ብሎ መሙላት ነው ሰው የሚጎዳው።

«ሃይፐር» (ከፍተኛ) እና «ሃይፖ» (ዝቅተኛ)ም እንዲሁ ጆሮ ላይ ይምታታሉ። ግፊቱ 85/50 ተብሎ፣ ይህም ዝቅተኛ ነው፣ «ሃይፐርቴንሽን» (ከፍተኛ የደም ግፊት) ከሰማሽ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው፤ ምልክት አድርጊበት እንጂ በራስሽ አታርሚው። ስማቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶችም አሉ፦ ሃይድራላዚን የደም ግፊት፣ ሃይድሮክሲዚን ደግሞ የማሳከክ መድኃኒት ነው፤ ከተጻፈው ምርመራ ጋር አስተያዪው።

ቁጥር ላይ 0.5 እንጂ .5 አትጻፊ፣ 5 እንጂ 5.0 አትጻፊ። ነጥቧ ካልታየች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ኢንሱሊን ላይ «ዩኒት» የሚለውን ሙሉውን ጻፊ፤ የላቲኗ ዩ (U) ብቻዋን ዜሮ ትመስላለች።

ስትጨርሺ ድምፁን ከመጀመሪያው ከፍተሽ ከጽሑፉ ጋር አንድ ጊዜ አስኪጂው። እናንተ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ ደግሞ ፋይሉ በየ2 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካክዪው።