ከዳምብሉ በፊት ክኒኑን ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ በየሰፈሩ በተከፈቱት ጂሞች ለምትሠሩ ወጣት አሰልጣኞች ነው። ስፖርት ሳይንስ ጨርሳችሁ ሥራ የምትፈልጉም አንብቡት። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ስትሮክ የመታውን ደግፌ በማስነሳት፣ ጉልበቱ የያዘውን በማራመድ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግን ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ስሄድ ዓይኔ አያርፍም። ሰው ስታሠሩ አያችኋለሁ። ብዙውን ጊዜ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ግን ልቤ ድንግጥ ይላል።

ደንበኞቻችሁ ተቀይረዋል። ድሮ ጂም የሚገባው ደረቱን ማስፋት የሚፈልግ ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ስኳር ያለባቸው እናት፣ ግፊት ያለበት የባንክ ሠራተኛ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ይመጣሉ። ሐኪሙ "እንቅስቃሴ ያድርጉ" ብሎ ልኳቸዋል። ምን ዓይነት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ምን ያህል ጠንከር ያለ የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ አይነግራቸውም። እሱ የእናንተ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

አንዳንዶቻችሁ "ማዘር ይቅርብዎ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይጠየቃል?" ብላችሁ ትመልሷቸዋላችሁ። ሌሎቻችሁ ለሃያ ዓመት ልጅ የምታሠሩትን ታሠሯቸዋላችሁ። ሁለቱም ልክ አይደለም፤ ለእኔ ግን መመለሱ ይብሳል። በሽተኛ ይረፍ የሚለው ሐሳብ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። 1953 ላይ ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። (የእኛ ባጃጅ ነጂዎች ይህቺን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።) የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የቆየ ሕመም ያለባቸው አዋቂዎች እንደ ጤነኛው ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ቢያደርጉ መልካም ነው ይላል። ከቻሉ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበት። ስለዚህ አትመልሷቸው። ግን ጠይቋቸው። "ዛሬ ጠዋት ምን ዋጡ?" በሉ። ክኒኑንም ቁርሱንም ማለቴ ነው።

አንድ ጂም ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስድሳን ያለፉ ጡረተኛ መምህርት ትሬድሚል ላይ ናቸው። አሰልጣኙ የልብ ምታቸውን እያየ "ገና ነው ማዘር፣ 96 ላይ ነዎት፣ 120 መግባት አለብን" እያለ ፍጥነቱን ይጨምራል። ቀረብ ብዬ "እስቲ የልጆችዎን ስም ይንገሩኝ" አልኳቸው። የመጀመሪያዋን ጠሩ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ አስቀነስንና የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቅኳቸው። አቴኖሎል ነው አሉ።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት የሚያገለግለውን፣ 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለውን ቀመር አስልቶ መጥቷል። ችግሩ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል የሚባሉት የግፊት ክኒኖች የልብን ምት እንዳይጨምር ይይዙታል። ሰውየው ነፍሱ እስክትወጣ ቢለፋም ቁጥሩ ከፍ አይልም። እንዲህ ያለውን ሰው በልብ ምት ቁጥር አትለኩት። አስወሩት። እያወራ መሥራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ መካከለኛ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ከፈለገ በዝቶበታል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ያወጣው ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መለኪያም አለ፤ ሰውየው ራሱ ለድካሙ ቁጥር ይሰጣል። 12 ወይም 13 ብሎ ከነገራችሁ በቂ ነው።

ግፊት ላይ እያለን፣ ትንፋሽ አፍኖ ክብደት ማንሳት ግፊትን ለጊዜው ሽቅብ ይሰደዋል። ሲያነሱ እንዲያወጡ፣ ሲያወርዱ እንዲያስገቡ አስተምሯቸው። ሳይሠሩ ተቀምጠው ሲለኩ የላይኛው ከ200 ወይም የታችኛው ከ110 በላይ ከሆነ የዚያን ቀን ሥራ የለም፤ ወደ ሐኪም ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድን ሰው በእኛ የቀትር ፀሐይ አታሩጡት። ሲጨርሱም ድንገት ቀጥ ብለው እንዳይቆሙ። ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ፤ አለበለዚያ ግፊቱ ወርዶ ያዞራቸዋል።

ስኳር ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እንቅስቃሴው ራሱ ስኳር ያወርዳል፤ መድኃኒቱም ያወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው እጃችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ይለካ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ የሆነ ነገር ይቅመስ። ከ250 በላይ ሆኖ የሚያቅለሸልሸው ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ሥራው ቀርቶ ሐኪም ይየው። ጭኑ ላይ ኢንሱሊን ወግቶ ወዲያው የሚሮጥ ሰው መድኃኒቱ ቶሎ ይሠራበታል፤ ሆዱ ላይ ስለ መውጋት ሐኪሙን እንዲያማክር ንገሩት።

"ላብ ሲያጠምቀው ስኳሩ ወርዷል" ሲባል ሰምታችኋል። ጂም ውስጥ ሁሉም ያልበዋል፤ ላቡን አትመኑ። እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ የነገራችሁትን ሲያስደግማችሁ፣ ጨዋው ሰውዬ ያለ ምክንያት ሲቆጣ ያኔ ጠርጥሩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። መለኪያ ከሌለ ስኳሩን ስጡና ጠብቁ። መዋጥ ካቃተው ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ከሰዓት በኋላ ጠንክሮ የሠራ ሰው ሌሊት ተኝቶ ሊወርድበትም ይችላል፤ ለቤተሰቡ ይነገር።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ አሉ፤ በረመዳን እስከ ማግሪብ። "ጾምዎን ይተዉት" ማለት የእናንተ ሥራ አይደለም። የእናንተ ሥራ የልምምዱን ሰዓት ከምግብ በኋላ ማድረግ ነው። የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

ስኳር የቆየበትን ሰው ደግሞ ጫማውን አስወልቁና እግሩን እዩ። ያፍራል፤ ቢሆንም እዩ። እግሩ ከደነዘዘ ጠጠር ሲወጋው አይሰማውም። በባዶ እግር ወይም በሸበጥ አታሠሩት። ሳልቫጅ ጫማም ቢሆን ልኩ ከሆነና ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ይበቃል።

አስም ብዙ አያስጨንቃችሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ አስም ነበረበት፤ 2008 ላይ የቤጂንግን ማራቶን የተወው አየሩን ፈርቶ ነው፣ 10,000 ሜትሩን ግን ሮጧል። ሐኪም ሳልቡታሞል ካዘዘለት 15 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይሳብ፣ ማሟሟቂያው ይርዘም፣ መሳቢያው ከኪሱ አይጥፋ። ነፍሰ ጡሯን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በጀርባዋ አስተኝታችሁ ረጅም ጊዜ አታሠሯት። ደም ወይም ፈሳሽ ካየች ወዲያው ይቁም።

አብዛኛው ሰው የመድኃኒቱን ስም አያውቅም። "ያቺ ነጯ ክኒን" ይላችኋል። ካርቶኑን ይዞ እንዲመጣ አድርጉና ስሙንና መጠኑን ደብተራችሁ ላይ፣ ከኪሎው ጎን፣ ጻፉት። ያላወቃችሁት ስም ከሆነ ፋርማሲ ጎራ ብላችሁ "ይህን የሚወስድ ሰው ቢሮጥ ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ቤት በተመላለሰ ቁጥር ደግሞ ካርቶኑን እንደገና አስመጡት፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሲቀይር ለእናንተ አይደውልም።