እምዬን ያልጠየቅኳት ጥያቄ

ልጆቼ፣ እኔ የኖርኩት ሰው በመጠየቅ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በስታቲስቲክስ ሥራ ላይ ቆይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የሰው በር እያንኳኳሁ፣ ስንት ናችሁ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው፣ ምን ይሠራሉ ስል ኖርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አያቴ ነው። እምዬ እንላት ነበር። ከጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ በደንብ ያልጠየቅኳት እሷን ነው።

ቤቷ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተሁለደሬ ውስጥ ነበር። ደጇ ላይ ቆም ሲሉ ውሃው ይታያል። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ እምዬ ከሩቅ ሆና ትሳለመዋለች። አባቷ እስላም ነበሩ። ወንድ አያቴን ስታገባ ክርስትና ተነሳች፤ ወንድሞቿ እዚያው እስልምናቸው ላይ ቆዩ። ይኼ ለወሎ ሰው ወሬም አይሆን። ድግስ ሲኖር ሁለት በግ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። የቱ ድስት የማን እንደሆነ አንድም ቀን ስታሳስት አላየኋትም። ስትመርቅ ግን ትቀላቅለዋለች። በማርያም ጀምራ በነቢ ትጨርሳለች፤ እኛም አሜንና አሚን እየተባባልን እንስቃለን።

ዕድሜዋን ማንም አያውቅም ነበር። ያኔ ማን የማንን ያውቃል?

የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ግንቦት 1976 ነው የተካሄደው። የ24 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሥልጠና ላይ ከተማርነው ሁሉ የወደድኩት አንድ ነገር ነበር። ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ሲገጥማችሁ በታሪክ ጠይቁት አሉን። የሰገሌ ጦርነት ሲሆን ተወልደሽ ነበር? በኅዳር በሽታ ጊዜ ምን ታህዪ ነበር? ጣሊያን ሲገባስ አግብተሽ ነበር? ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን 1928። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰገሌን የማያውቅ ሽማግሌ አይገኝም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ይዘውት ከዘመቱት ሰው ውስጥ ወደ ቤቱ ያልተመለሰው ብዙ ነው።

እናም አንድ ቅዳሜ ቅጹን ይዤ ሐይቅ ሄድኩ። እምዬ ላይ ልለማመድ።

"እምዬ፣ ሰገሌ ጊዜ ነበርሽ?"

"እናቴ አዝላኝ ለቅሶ ለቅሶ ትዞር እንደነበር ነግራኛለች።"

ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። የታዘለች ልጅ ናት፣ እንግዲህ 1907 ግድም ተወለደች ብዬ ያዝኩ። 69 ዓመት። እሷ ግን "ሰባ በለው፣ ምን ይጎድልብሃል" አለችኝ። የእኛ ሙያ ሰዎች ይቺን ያውቋታል። ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ 0 እና 5 ላይ ማረፍ ይወዳል። ውጤቱ በሥዕል ሲወጣ 30፣ 40፣ 50 ላይ ያለው ሕዝብ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ39 እና በ41 ዓመት ሰው የማይኖር ነው የሚመስለው!

ከዚያ ቀጠልኩ።

"ስንት ልጅ ወለድሽ?"

"ሰባት።"

"ስንቱ አሉ?"

"አራት።"

አራቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛዋ እናቴ ናት። 7 ጻፍኩ። 4 ጻፍኩ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። እምዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ጀበናውን አዘነበለች። ቶናው ነበር። በረካው ሳይደርስ ቅጹን ጨርሼ አጣጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። የሚያስቀውም የሚያናድደውም፣ በጎበዝ መዝጋቢነቴ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

እዚህ ላይ የቅቤውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ እምዬ የማትሰለቸው ታሪኳ ነው። ኅዳር 1928 ነው። ለደንበኛዋ ቅቤ ይዛ ከሐይቅ ደሴ በእግሯ ሄደች። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። የዚያን ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። እምዬ ግን ይኼን ሁሉ አታወራም። እሷ የምታወራው ስለ ቅቤዋ ነው። ምድር ስትናወጥ መሬት ላይ ተደፋች፣ ቅሉ ተሰበረ፣ ቅቤው ፈሰሰ። "የሞሶሎኒ ዕዳ አለብኝ፣ የአንድ ቅል ቅቤ!" ትላለች። እኛ እንፈነዳለን። መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። ስናድግ እንዲያውም እኛው ነን ከአፏ ነጥቀን የምንጨርስላት።

ቆጠራው አለፈ፤ አገሪቱ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ አላት ተባለ። በዓመቱ የ77 ድርቅ መጣ። ስለ 77 እዚህ አልጽፍም። ቅጽ ላይ ያሰፈርኳቸው ቤቶች ነበሩ፣ ተመልሼ ስሄድ በራቸው የተዘጋ። ይኼን ያህል ይበቃል።

እምዬ 66ንም 77ንም አልፋ፣ መንግሥት ሲለወጥም አይታ ኖረች። ግንቦት 1999 ሦስተኛው ቆጠራ ሲመጣ አንድ ልጅ እግር ቆጣሪ ቤቷ ገባ። "እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?" አላት። "መቶ በል የኔ ጌታ፣ እሱ ለአጻጻፍም ይቀላል።" በኔ ስሌት 92 ነበረች። አልተከራከርኩም። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አረፈች።

ለቅሶው በዝናብ ነበር። ቅሬው፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ ድንኳን ተከለ፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም ጎረቤት አብሮ ጭቃውን ረገጠ። አንዲት የእሷ እኩያ አሮጊት ተነሱና ሙሾ አወረዱ። ድምፃቸው አልቋል፤ ጆሮ ሰጥቶ ካልሆነ አይሰማም።

ቅቤስ ቢፈስ፣ ሌላ ይወጣል ከጓዳ፤
ከጀርባሽ የወረደው ቀረ እንደ ባዳ።

ቀጥለው ስም ጠሩ። የማላውቀው ስም። ከዚያ ሌላ ስም።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ጠየቅኳት። እሷም ታላቅ ወንድም እንደነበራት በጭምጭምታ ነው የሰማችው። የደሴው ቀን እምዬ ጀርባ ላይ ሕፃን ነበር። ሰው ሁሉ ሸሽቶ ዱር ሲያድር እሷም አደረች። ኅዳር ነው፣ ደሴ ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ልጁ ታመመ፤ ሐይቅ ሳትደርስ ሞተ።

መቶ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ውስጥ ነበር እኮ። አንዲት የ21 ዓመት ወላድ በዚያ ዘመን ያን ሁሉ መንገድ ስትሄድ ልጇን ለማን ትታ ትሄዳለች? ሙያዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ የጎደለ ነገር ከቅጽ ላይ ለቅሞ ማውጣት ነበር የሚከፈለኝ። የቅቤው ሳቅ ጋረደኝ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ እኔ የማውቀው የመጠየቅ ነገር ነው። አያቶቻችሁን "መቼ" ብላችሁ አትጀምሩ። ዓመተ ምሕረቱን እናንተው በኋላ ታሰሉታላችሁ። ያኔ ማን ነበር አብሮሽ፣ ምን ይዘሽ ነበር፣ የት አደርሽ በሏቸው። ደጋግመው የሚያወሩትን ነገር "ይቺንማ ነግረሽናል" ብላችሁ አትቁረጡባቸው። ሰው አንዱን ታሪክ 60 ዓመት የሚደግመው ትዝታው አልቆበት አይመስለኝም፤ ወደ አንድ በር እየመጣ የሚመለስ ይመስለኛል። ድምፅ መቅዳት ጥሩ ነው፣ ቅዱ። ብቻ ስልኩን ፊታቸው ላይ አትደግኑባቸው፣ ረከቦቱ ሥር አስቀምጡት። ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ። እስከ በረካ ተቀመጡ። እናንተ ዘንድ ሁሉም ሰው ቢዚ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ያን ቅዳሜ ደሴ የምመለስበት መኪና እንዳያመልጠኝ ሰዓት አይ ነበር።

የልምምዱ ቅጽ እስካሁን አለ። ለቢሮ የሚሰጥ ስላልነበረ ከመጽሐፎቼ መሃል ቀርቷል። በእርሳስ 7፣ ከሥሩ 4። ከለቅሶው ስመለስ ጎኑ ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ። ሁለቱን ስም ጻፍኩ። ሦስተኛውን አሮጊቷን በሠልስቱ ጠየቅኳቸው። "ስም ሳይወጣለት ይሆናል" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ኧረ ነበራት፣ ሴት ናት" አሉ፤ ግን ስሟ አልመጣላቸውም። መስመሩ አሁንም ባዶ ነው።