ፊሽካውን መልሶልኝ የሄደው ረዳቴ

ሰሞኑን አንድ ወጣት አሰልጣኝ "ጋሼ፣ ስራውን እወደዋለሁ ግን ጠዋት ተነስቶ ሜዳ መሄድ እያስጠላኝ ነው፣ ልተወው እንዴ?" ብሎ ጻፈልኝ። መልስ ልጽፍለት ቁጭ ስል ትዝ ያለኝ ግን የድሮ ረዳቴ ነው።

ሁሌ ከኔ በፊት ነበር ሜዳ የሚደርሰው። ኮኑን ደርድሮ፣ ኳሶቹን ነፍቶ ይጠብቀኛል። "ልጄ ለምን ተቀያሪ ሆነ" የሚል ወላጅ ሁሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚደውለው ለሱ ነው። ኮንትራቱ ደግሞ በየሲዝኑ ነው የሚታደሰው፣ ይታደስ አይታደስ ሳያውቅ እረፍቱን በሙሉ በሀሳብ ያሳልፈዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳን አመራሩ ጋር ገብቼ ስለሱ አላወራሁም፣ የራሴን ኮንትራት ነበር የማስበው።

አንድ ቀን ልምምድ ሲያልቅ መጣና ፊሽካውን እጄ ላይ አስቀመጠው፣ ገመዱ ተበጥሶ በፕላስተር የተያያዘ ፊሽካ። "ኮች፣ እኔ በቃኝ" አለኝ። እኔ ታዲያ ምን አልኩት? "የእቃ ክፍሉ ቁልፍስ?" ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጥቶኝ ሄደ። ከዛ በኋላ ሜዳ ላይ አይቼው አላውቅም። ከዛ በፊት ሁለት ሶስት ወር ልጆቹ ሲስቁ አብሮ መሳቅ ትቶ ነበር፣ አይቻለሁ'ኮ፣ ግን ያልፍለታል ብዬ ዝም አልኩ።

ያኔ በርንአውት፣ ማለትም በስራ ጭንቀት ዝሎ ማለቅ፣ ሲባል ሰምተን አናውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን በ2019 እ.ኤ.አ. ነው በሽታ ሳይሆን መላ ያልተበጀለት የቆየ የስራ ጭንቀት የሚያመጣው ነው ብሎ ያብራራው። ጀርመናዊው አሰልጣኝ ራንኒክ በ2011 እ.ኤ.አ. ዝያለሁ ብሎ የጀርመኑን ክለብ ሻልከን ለቀቀ፣ ክሎፕም በ2024 እ.ኤ.አ. ጉልበቴ እያለቀ ነው ብሎ ከሊቨርፑል ወጣ። እነሱ ዙሪያቸውን ሐኪምና ስታፍ የሞላላቸው ናቸው፣ ለረዳቴ ግን የነበርኩለት እኔ ብቻ ነኝ።

የዘንድሮ ወጣት አሰልጣኞች ታክቲኩን በላፕቶፕ ከኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ፣ ግን ሁለት ጨዋታ ስትሸነፉ ለመልቀቅ ትቸኩላላችሁ፣ ይሄ ያናድደኛል። ደግሞ ሳስበው ደክሞኛል ብላችሁ መናገራችሁ ከኛ ይሻላል፣ እኛ ዝም ብለን ነው ያለቅነው።

ለልጁ በተሸነፍክበት ሳምንት አትወስን፣ በሳምንት አንድ ቀን ስልክህን አጥፋ፣ ለዋና አሰልጣኝህ ደግሞ ፊት ለፊት ንገረው ብዬዋለሁ። ዋና አሰልጣኙ እንደኔ ከሆነስ? እሱን ሳስብ ነው ስልኬን የላኩለት። ዛሬ ማታ ይደውላል፣ ስለ ውጤት ምናምን አላነሳበትም፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው።